ፍልውሃ ያዳናቸውን እንጂ የጎዳቸውን ማን ቆጠረ?

መካነ ሰላም ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው የቦረና ከተማ፣ ከዙሪያዋ ካሉት የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች ጋር፣ የገብስና የበግ አገር ናት። እዚያ ያደገ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጉልበቱን ይይዘዋል፣ ወገቡን ይቆረጥመዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፤ ማስታገሻው ያልቃል፣ ቁርጥማቱ አያልቅም። ያን ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ከተማ የቆየው ልጅ፣ «ለምን ፍልውሃ አንወስዳቸውም?» ይላል።

ስመ ጥሩዎቹ ፍልውሃዎች ግን ከዚያ ደጋ ሩቅ ናቸው። በምሥራቅ በኩል በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ሐርቡ መውረድ አለ። በምዕራብ ዓባይን ተሻግሮ ከጣና በስተምሥራቅ የሚገኘው ዋንዛዬ አለ። ወደ ደቡብ ደግሞ የሁሉም አለቃ፣ የአዲስ አበባው ፍልውሃ። የምድሩ አሠራር እንዲህ ያደርገዋል፤ ሙቅ ውሃ በብዛት የሚፈልቀው መሬት በተሰነጠቀበት፣ በስምጥ ሸለቆውና በዳርቻው ነው። በስንጥቁ ወደ ጥልቅ የገባ የዝናብ ውሃ በምድር ውስጥ ሙቀት ግሎ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ደገኛው ሙቅ ውሃ ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል መውረድ አለበት። ይህ ቁልቁለት ራሱ ምን ያህል ሰው እንደበላ ወደ ኋላ ይመጣል።

ፍልውሃ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ትንሽ ቦታ የለውም። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው በመታጠቢያ ውሃ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን ተራራው ለጦር ስልት የተመቸ ቢሆንም ነፋሱና ብርዱ አይጣል ነበር። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ከሥሩ ወዳለው የፊንፊኔ ሜዳ እየወረዱ በፍልውሃው ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳሉ፣ እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃው አቅራቢያ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ንጉሡ ሲመለሱ ለመኳንንቱ መሬት ተመራ፤ ድንኳኑ ቤት፣ ቤቱ ሰፈር ሆነ። አንድ አገር መናገሻዋን የመረጠችው በአመዛኙ ሰውነት ለማሞቅ ነው።

ይህ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ስለ አበባዋም ይነገራል። የማይነገረው አንድ ነገር አለ። ከምንጩ ሲወጣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ የሚያልፍ ውሃ ውስጥ ሰው እንዴት ይታጠብ ነበር? ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወይም በጉድጓድ ተጠራቅሞ እስኪበርድ ተጠብቆ እንደሆነ ግልጽ ነው። ስንት እንደቀላቀሉ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጡ፣ ማን ራሱን ስቶ እንደወደቀ፣ የማን ልጅ እንደተቃጠለ የጻፈ የለም። ዜና መዋዕል ንጉሥ ሲታጠብ ይጽፋል፤ ተጓዥ ፈረንጅ ስንት በሽተኛ እንደተሰበሰበ ይጽፋል። በየፍልውሃው የቁርጥማት፣ የቂጥኝ፣ የቁምጥናና የቆዳ በሽተኞች በአንድ ጉድጓድ እየተዘፈቁ ይታጠቡ እንደነበር ከብዙ ጸሐፊዎች ይገኛል። የዳነው ሰው አገሩ ተመልሶ ያወራል። ያልዳነው ዝም ይላል፤ የሞተው ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ፍልውሃ ለዘመናት ስሙን የገነባው በእንዲህ ዓይነቱ አንድ ወገን ብቻ በሚናገርበት ምስክርነት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ውሃና ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝተው የአገር ወሬ ሆነዋል። ያውም በንግሥት ላይ።

ንግሥት ዘውዲቱ በእናታቸው የወሎ ዘር ናቸው፤ የተወለዱትም ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ፣ በወረኢሉ እንደሆነ ብዙዎች ይጽፋሉ። በ1922 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የስኳር ሕመም ነበረባቸው፣ በላዩም ትኩሳት ይዟቸው ተኝተው ነበር። ተለያይተው ይኖሩ የነበሩት ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ ላይ ከማዕከላዊው ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። ንግሥቲቱ መጋቢት 24 ቀን አረፉ። ሁለት ቀን ብቻ።

ሕዝቡ ይህን ሁለት ቀን በብዙ ነገር ሞላው። አንዱ መርዝ ነው አለ። አንዱ የባላቸውን ሞት ሰምተው በድንጋጤ ነው አለ። ሦስተኛው ወሬ ደግሞ ትኩሳቱን ለማብረድ በጣም በቀዘቀዘ ጸበል ውስጥ አስገብተዋቸው ልባቸው አልቻለም የሚል ነው፤ ይህኛው በውጭ አገር ሰዎች ጽሑፍ ውስጥም ደጋግሞ ይገኛል። የትኛው እውነት እንደሆነ ዛሬ ላይ ሆኖ መፍረድ አይቻልም። የጸበሉ ወሬ ግን ከሕክምና አንጻር ተረት አይመስልም። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነው የዋለው። ንግሥቲቱም በጾምና በጸሎት የታወቁ ሰው ነበሩ። ስኳር ያለበት፣ በትኩሳት የነደደና የተዳከመ ሰውነት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የደም ሥሮቹ ይኮማተራሉ፣ የደም ግፊቱ ይዘላል፣ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ጤነኛ ጎልማሳ ይቋቋመዋል። የ53 ዓመት ሕመምተኛ ላይቋቋመው ይችላል።

ሙቅ ውሃ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፤ አደጋውም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አይታወቅም። ሰውነት ሲሞቅ የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደም ወደ ዳር ይሄዳል፣ ግፊት ይወርዳል። ሰውዬው ውሃው ውስጥ እያለ ደስ ይለዋል፤ ቁርጥማቱም በእርግጥ ይላቀቃል፣ ይህ ሐሰት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ብድግ ሲል ነው። ዓይኑ ይጨልማል፣ ይንገዳገዳል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይወድቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግፊቱ ከሁለት ወገን ስለሚወርድ መውደቁ የበለጠ ቅርብ ነው። እርጉዝ ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነቷ ከመጠን በላይ ሲግል ለፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር አደጋ አለው። በሌላው ዓለም የሙቅ ገንዳ ጣሪያ 40 ዲግሪ እንዲሆን የሚመከረው፣ ጃኩዚ ባለበት ሁሉ «ከዚህ ደቂቃ በላይ አትቀመጡ» የሚል ማስታወቂያ የሚለጠፈውም ለዚህ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙው ሰው ፍልውሃን እንደ ጸበል ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ በባዶ ሆድ ነው የሚገባው። ከለሊት ጀምሮ እህልም ውሃም ያልቀመሰ ሽማግሌ ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሲያልበው ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከወጣ በኋላ በጋቢ ተጠቅልሎ «ነፋስ እንዳይመታው» በተዘጋ ክፍል ይተኛል፤ ይህ ቢያንስ መልካም ነው፣ ተኝቷልና አይወድቅም። የድሮ ሰዎች ልማድ ሁሉ ስህተት አልነበረም። ቀስ ብሎ መግባት፣ መጀመሪያ እግርን ማስነከር፣ ሲወጡ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ያልነበራቸው ሁለት ነገር ነው፤ ቴርሞሜትርና የስኳር ምርመራ።

የስኳር ነገር ብቻውን ሊወራለት ይገባል። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው የእግሩ ጫፍ ይደነዝዛል። ሚስማር ቢወጋው ላያውቅ ይችላል። 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ 50 ዲግሪ ሲሆን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ጤነኛ ሰው በመጀመሪያው ሰከንድ «አይ!» ብሎ እግሩን ይስባል። የደነዘዘው እግር አይስብም። ሰውዬው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እያወራ እግሩ ይቀቀላል፤ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ቆዳው አብሮ ይወጣል። የስኳር በሽተኛ ቁስል እንደሌላው ሰው በቀላሉ አይድንም፣ መጨረሻው መቆረጥ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ ነው የሚኖረው፤ «እግሬ ይደነዝዘኛል» ብሎ ፍልውሃ የሚሄደውም ይኸው ሰው ነው። የድንዛዜው መድኃኒት ነው ተብሎ የተላከበት ውሃ ለድንዛዜው ከሁሉ አደገኛው ቦታ መሆኑ ነው የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል።

እስካሁን የተወራው ስለሚታየው፣ ስለ ሙቀቱ ነው። የማይታየውም አለ።

ከምንጩ በ70 ዲግሪ የሚወጣ ውሃ ውስጥ በሽታ የሚያመጡ ጀርሞች አይኖሩም ማለት ይቻላል። ሙቀቱ ይገድላቸዋል። ነገር ግን ሰው ሊታጠብበት ሲባል ውሃው በገንዳ ይጠራቀማል፣ ይበርዳል፣ በቧንቧ ይዞራል፤ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው መሀል ሲደርስ ደግሞ ለባክቴሪያ ተስማሚ አልጋ ይሆናል። አንዱ ሌጂዮኔላ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ፊላደልፊያ የቀድሞ ወታደሮች ስብሰባ ላይ ብዙ ሰው ጨርሶ ነው። ይህ ባክቴሪያ ውሃውን ለጠጣው ሳይሆን እንፋሎቱን ለሳበው ነው የሚብሰው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከባድ የሳንባ ምች ያስነሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ ቦቨንካርስፔል በተባለ ከተማ የአበባ ኤግዚቢሽን ላይ ለሽያጭ ማሳያ የቀረበ ሙቅ ገንዳ ነበር። ለማሳያ ውሃው ይፍለቀለቅ ነበር እንጂ ማንም አልታጠበበትም። ሰዎች አጠገቡ አለፉ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከ200 በላይ ታመሙ፣ ቢያንስ 32 ሞቱ። አበባ ሊያዩ የሄዱ ሰዎች ነበሩ።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፤ የጥንት ፍልውሃ ነውና። በእንግሊዝ አገር ባዝ የምትባል ከተማ አለች፣ ስሟ ራሱ መታጠቢያ ማለት ነው። ሮማውያን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ፍልውሃዋ ላይ መታጠቢያ ሠርተው ሕዝብ ሲድንበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያ ውሃ የዋኘች አንዲት ልጅ በአንጎል መቆጣት ሞተች። የገደላት በሞቃት ውሃ የሚኖርና በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል የሚገባ አሜባ ነበር። እንግሊዞች መታጠቢያውን ዘጉት። ሕዝቡ እንደገና በከተማዋ ፍልውሃ መታጠብ የቻለው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ውሃውን ከጥልቅ ጉድጓድ በንጽሕና የሚስብና የሚያጣራ አዲስ መታጠቢያ ከተሠራ በኋላ። ስለ አንዲት ልጅ ሞት 28 ዓመት ሙሉ ሰው እንዳይታጠብ አደረጉ። ይህ አሜባ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሚሊዮኖች ታጥበው አንዱን ላይነካው ይችላል። ቢጠጡትም አይጎዳም፤ መንገዱ አፍንጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በረጋ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጭንቅላትን አለመድፈቅ አብዛኛውን አደጋ ያስቀራል። በደጋው ቀዝቃዛ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ደግሞ በዚህ በኩል ሥጋት አይግባው፤ እንስሳው ሙቀት ወዳድ ነው።

መጠጣት ከተነሳ፣ የስምጥ ሸለቆን ሙቅ ውሃ «ለሆድ መልካም ነው» ብሎ በጀሪካን ይዞ መሄድ ሌላ ጣጣ አለው። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በወንጂ ስኳር እርሻ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ፣ የአንዳንዶቹም አጥንት ደርቆና ጎብጦ መገኘቱ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ለአንድ ሳምንት መታጠብ ይህን አያመጣም፤ ለዓመታት መጠጣት ነው የሚያመጣው።

ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። ለወሎ ደገኛ በፍልውሃ ጉዞ ላይ ትልቁ ገዳይ ከውሃው ይልቅ ትንኝዋ ሳትሆን አትቀርም። አያቶቻችን «ቆላ ወርዶ ማደር» ሲባል ይፈሩ የነበረው በከንቱ አልነበረም። ንዳድ የሚሉት ወባ ነው። ደገኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ወባ ነክቶት ስለማያውቅ ሰውነቱ በሽታውን የሚመክትበት አቅም የለውም፤ ቆለኛው ተኝቶ የሚነሳበት ትኩሳት ደገኛውን ይገድለዋል። የዚህን መጠን አገሪቱ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መባቻ አይታዋለች። በዚያ ዓመት ዝናቡ በዝቶ፣ ሙቀቱም ጨምሮ ወባ ወትሮ ወደማትደርስበት ከፍታ ወጣች። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። ወባ ሽቅብ ስትወጣ ይህን ካደረገች፣ ደገኛው ራሱ ቁልቁል ሲወርድላት ምን እንደምታደርግ ግልጽ ነው።

ጊዜውም አብሮ ይገጥማል። በጳጉሜን መታጠብ የተወደደ ነው፤ ከመስቀል በኋላ መንገዱ ይደርቃል፣ ሰው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ የወባ ዋና ወቅት ነው። ሰውዬው ሐርቡ ወርዶ፣ አጎበር በሌለው ክፍል ሰባት ቀን አድሮ፣ ጉልበቱ ቀሎት መካነ ሰላም ይመለሳል። ከገባ ከቀናት በኋላ ይንቀጠቀጣል። እቤት ያሉት ምን ይላሉ? «ከሙቅ ወጥቶ ብርድ መታው፣ ምች ነው።» ዳማከሴ ይታሻል፣ ላቡ እንዲወጣ ይሸፈናል። ደጋ ላይ ስለሆነ ወባን የሚጠረጥር የለም፤ ጤና ጣቢያ ቢሄድም «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ካላገኘ ደሙ ላይመረመር ይችላል። ፋልሲፋረም የተባለው የወባ ዓይነት ካልታከመ በቀናት ውስጥ አንጎል ላይ ሊወጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ «እና ፍልውሃ ይቅር ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። ጸበልና መድኃኒትን አጣልቶ አንዱን ምረጡ ማለት በዚህች አገር ዋጋ አስከፍሏል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት እንጦጦ ማርያም ጸበል የገቡ ብዙዎች «እምነት ያጎድላል» ተብለው ወይም ራሳቸው ብለው ኪኒናቸውን አቋረጡ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በይፋ ወጥተው ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ እስኪናገሩ ድረስ ክርክሩ የሰው ሕይወት ይበላ ነበር። አንድ የሃይማኖት አባት ያሉት አንድ ቃል የስንት ሐኪም ምክር ያልሠራውን ሠራ። በወሎ ደግሞ ፍልውሃው የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ በአንድ ገንዳ ጎን ለጎን ይታጠባሉ። ካህኑም ሼሁም ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር አንድ ቃል ቢሉ የሚሰማቸው ሰው ብዙ ነው።

አስገራሚው ነገር አዲስ አበባ ውስጥ በአዳዲሶቹ ስፓዎች ጃኩዚና ስቲም የሚገባው ወጣት ይህን ሁሉ ምክር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማግኘቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ። ምክሩ የሚያስፈልጋቸው እናት ግን ከቦረና ገጠር ተነስተው፣ በሌሊት መኪና ደሴ ደርሰው፣ ከደሴ በሚኒባስ ወርደው፣ ያሉት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዟቸው ከገንዳው ጠርዝ ቆመዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉም የተለጠፈ ነገር የለም። ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም። የግፊት ኪኒናቸውን «ከጸበሉ ጋር እንዳይጋጭ» ብለው ቤት ትተውት መጥተዋል። ልጃቸው በክርኑ ውሃውን ነክቶ «ትንሽ ይፋጃል» ይላል። እሳቸው ግን ከኋላቸው ወረፋ የያዘውን ሰው እያዩ፣ «ግድ የለም ልጄ፣ ሲፋጅ ነው የሚያድን» ብለው ነጠላቸውን ያቀብሉታል።